ፋይን

መዝገበ ቃላቱ ለዚች አጭር ቃል
ከግማሽ ገጽ በላይ ቦታ ሰጥቷታል፤
ደኅና ማለት ናት ይላል፣ ጤነኛ፣ ነቀፋ የሌለው፤
ዝቅ ይልና፦ ቀጭን፣ ረቂቅ፣ ወንፊት ያሳለፈው፤
ብራ ቀን፤
ደግሞም መቀጮ፣ ውል ያፈረሰ የሚከፍለው።

ግን መጽሐፍ ምን ያውቃል? ኖርዝ ሺልድስ ክረምቱን ያልቆየ፣
በዓሣ ጫኞቹ ሰፈር ጭጋግ ሲወርድ ያላየ።
እዚያ «እንዴት ነህ?» ለሚል መልሱ አንድ ነው፤ ፋይን።
ጥርስ ሲነቀል ፋይን፣ ቤት ሲሸጥ ፋይን፤
ጀልባው ሰምጦ የተረፈ ሰው፣ ከንፈሩ እንደ ጠቆረ፣
ሻይ ሲሰጡት፣ ፋይን ብሎ ስኳር ጨመረ።
ዝርዝር ጎድሎህ ሾፌሩ ፋይን ካለ፣ ምሮሃል፣ ተቀመጥ፤
ሚስትህ ፋይን ካለች ግን፣ ኮትህን ይዘህ ሩጥ።

ያን ዓመት በቤተ መጻሕፍቱ ጋሪ ገፊ ነበርሁ፣
የተመለሰውን ወደ መደርደሪያው እየመለስሁ።
ኖቬምበር ላይ፣ ሐሙስ፣ ዝናቡ በጎን ሲመታ፣
ኢዝቤል ራተር ገባች፣ ካፖርቷን ሳትፈታ፤
ከገበያ ቦርሳዋ፣ ከድንችና ከካሮት ሥር፣
መጽሐፍ አወጣች፤ ስለ እሽቅድምድም እርግቦች የሚመክር።
ዐሥራ አራት ወር ዘግይቷል።

«እንዴት ነሽ ኢዝቤል?»
«ፋይን።»
«ፋይኑ...» አለች ሄስተር ፕራውድሎክ፣ ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣
«ፋይኑ ዐሥራ አንድ ፓውንድ ከስድሳ ይላል።»
«ፋይን» አለች ኢዝቤል።
ሦስት ጊዜ ወደቀች፣ ሦስቴም ሌላ ሆና፣
ሰሟ ባንኮኒው ላይ ቀልጦ፣ ወርቋ ገና።

ካርዱ የካዝበርት ነው፣ የባሏ።
ሄስተር ቀብሩ ላይ ነበረች፤ አበባም ይዛለች።
ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሰርዘዋለሁ» አለች፤
«ለሞተ ሰው ቅጣት የለም። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው።»
«እንዳትነኪው።»

ኢዝቤል ደብዳቤዎች አወጣች፣ በላስቲክ የታሰሩ፣
«ውድ ሚስተር ካዝበርት ራተር» ብለው የሚጀምሩ።
«ባንኩ» አለች፣ «ስሙን በሁለት ሳምንት ፍቋል፤
የእርግቦቹ ማኅበር ሌላ ገንዘብ ያዥ መርጧል፤
ሐኪም ቤቱ እንኳ ለጉንፋን መርፌ አይጠራውም።
ከዚህ ማሽን በቀር እሱን የሚጠብቅ የለም፤
በየወሩ መጀመሪያ ከደጄ የሚጥለው፣
ዕዳ አለብህና ና፣ የሚለው።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን?»
«እርግቦቹን ሸጥኋቸው። የገዛው ልጅ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመቱ፤
ምን እንደሚያበላቸው አያውቅም። መጽሐፉ ይሁንለት ለሱ፣ ለቤቱ።
ትናንት መጥቶ ጠይቋችሁ፣ ሌላ ሰው ወስዶታል ብላችሁታል።»

ሳንቲም ቆጠረች። ቀስ ብላ፣ ክምር በክምር፣
ሄስተርም ከኋላዋ፣ ክምሩን ስትደረምር፣
አንዷን ፔኒ በጣቷ ጫፍ መልሳ ገፋቻት፣
ከባንኮኒው ዳር እስክትደርስ፣ ሳታያት።
«ዐሥራ አንድ ከሃምሳ ዘጠኝ» ብላ መዘገበች።
ኢዝቤል ፔኒዋን አየች።
ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

መጽሐፉን ስትነሣው ላባ ወደቀ ከመሐሉ፤
ግራጫ፣ ቀጭን፣ ገጹን ምልክት ያደረገበት ባሉ።
ማናችንም አላነሣነውም ለጥቂት ጊዜ።

«ፋይን?» አለች ሄስተር።
«ፋይን።»
በሩን ስትከፍተው ዝናቡ ገባ፣ እሷ ወጣች።

የዲሴምበር አንድ ለት ፖስታዎቹን ያጠፍሁ እኔ ነኝ።
የአንድ ፔኒ ዕዳ ማስታወቂያ፤
ቴምብሩ ብቻ ስድሳ ፔኒ።
ሄስተርን ቀና ብዬ አየኋት። መነጽሯን ትወለውል ነበር።
ምላሴን አወጣሁና አሸግሁት፣
ውድ ሚስተር ካዝበርት ራተር።